ክርክር ቢነሳ ማን ይዳኘን?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በተደረገው ስብሰባ፣ አንዲት የግብርና ልማት ሠራተኛ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች ካሰማችው ንግግር)







የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የሰጠኝ ርዕስ «የምርጥ ዘር አጠቃቀም» የሚል ነበር። ስለ መስመር መዝራትና ስለ ማዳበሪያ መጠን በየማሳችሁ እየዞርኩ በየሳምንቱ ስለምጨቀጭቃችሁ፣ ቢያንስ በበዓል ቀን ላሳርፋችሁ ብዬ ኮሚቴውን አስፈቅጄ ርዕሱን ቀይሬዋለሁ። ምክንያቴ ባለፈው ወር ለዩኒየኑ የደረሰ አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የውል ረቂቅ ነው። አንድ የውጭ ድርጅት ከእንጦጦ ጀርባ ካሉት አባሎቻችን የአገር ገብስ፣ ከቆላ ቀመስ ማኅበራቶቻችን ደግሞ የጤፍ ዘር በናሙና መልክ እንድንሰጠው ይጠይቃል። የድርጅቱን ስም እዚህ አላነሳም፤ ገና ያልተፈረመ ጉዳይ ነው። አሥራ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ። ሊቀመንበራችን ጠሩኝና «አንቺ ኮሌጅ የጨረስሽ ነሽ፣ አንብቢና ንገሪን» አሉኝ። እኔ የጨረስኩት ዕፅዋት ሳይንስ ነው፤ ዲፕሎማዬ ስለ ዋግና ስለ ነቀዝ እንጂ ስለ ሕግ አያወራም። ቢሆንም ወሰድኩት፤ ሁለት ሌሊት መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ፣ ያልገባኝን ደግሞ ሕግ የተማረ የአንድ አባላችንን ልጅ ጠየቅሁ።

እስከ ዘጠነኛው ገጽ ድረስ ወረቀቱ መልካም ነው። ለኪሎ የሚከፍለው ዋጋ ከገበያው በእጥፍ ይበልጣል። አሥረኛው ገጽ ላይ ግን ሁለት አንቀጾች አሉ። አንደኛው ከዘሩ ተመርምሮ የሚገኝ ማንኛውም የፈጠራ መብት የተቀባዩ ነው ይላል። ሁለተኛው ክርክር ቢነሳ ጉዳዩ በውጭ አገር ከተማ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በግልግል ዳኞች ይታያል፣ ውሳኔውም የመጨረሻ ይሆናል ይላል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ቦርዱ ወዲያው አየው፤ ተቆጣም። ሁለተኛውን ግን «ይኼማ የወረቀት ወግ ነው» ብሎ አለፈው። እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህኛው ነው።

ይህ አሁን ያለንበት ሰፈር ፈረንሳይ የተባለው ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ግርጌ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፊ መሬት ስለሰጡ ነው። ኤምባሲው ዛሬም እዚያው ዛፎቹ መሀል አለ። የታክሲ ረዳቶች «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያሉ ሲጣሩ ስሙን ሁላችንም እንሰማለን። በዚያ ለጋሲዮን ዘመን ስለተፈረመው ውል የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። በጥር 1900 ዓ.ም. አንቶኒ ክሎቡኮውስኪ የተባለ የፈረንሳይ መልእክተኛ ከዐፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። የውሉ ሰባተኛ አንቀጽ ስለ ዳኝነት ነበር። ሁለት ፈረንሳውያን ቢጣሉ የሚዳኛቸው የራሳቸው ቆንስል ሆነ። ፈረንሳዊ ወንጀል ቢሠራም የሚጠየቀው በአገሩ ሕግ ነው። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ቢካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ብቻውን አይፈርድም፤ የፈረንሳይ ቆንስል አብሮት ይቀመጣል፣ የሚፈረደውም በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። እንግዲህ አንድ የእንጦጦ ገበሬ በፈረንሳዊ ነጋዴ ገንዘቡ ቢቀርበት፣ አቤት የሚለው በማያውቀው ሕግ፣ የነጋዴው ወገን በተቀመጠበት ችሎት ነበር ማለት ነው። አበው «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» የሚሉት ይኸው ነው።

ይህ የሚቆየው የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ነው ተብሎ ነበር። መቼ እንደሚስማማ ግን አልተጻፈም። ሌሎች መንግሥታትም ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል እያሉ በዚያው በር ገቡ። ቆይቶም በአዲስ አበባ የውጭ ዜጎች ጉዳይ የሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ቆመ። ከዓድዋ ድል ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። በጦር ሜዳ ያልተሸነፈ መንግሥት ነው ይህን አንቀጽ የፈረመው። ዐፄ ምኒልክን ለመውቀስ አይደለም፤ የቱርክም፣ የቻይናም፣ የሲያምም መንግሥታት ይህን መሰል ውል ፈርመው ነበር። ለመውጣቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ግን ልብ በሉ። ጣሊያን ወርሮ እስኪያፈርሰው ድረስ ያ ሥርዓት ቆየ፤ ከነፃነት በኋላም በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት የውጭ ዜጋ ያለበት ክርክር ቢያንስ አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ በተቀመጠበት ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲታይ ተደርጎ ነበር።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በዚህ ነገር ላይ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። አንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 80 በፌዴራል ጉዳዮች የበላይና የመጨረሻ የዳኝነት ሥልጣን ያለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ይላል። አንቀጽ 78 ደግሞ የዳኝነት ሥልጣንን ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች ነጥቆ የሚወስድ፣ በሕግ የተደነገገ ሥርዓትን የማይከተል ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት አይቋቋምም ይላል። «ልዩ ፍርድ ቤት» የሚለውን ቃል ሳነብ ከላይ ያወራሁላችሁ ያ የድሮው ችሎት ነው ትዝ ያለኝ።

በሌላ በኩል በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ የሕግ አካል ነው ይላል። ታዲያ መንግሥታችን አንድ ቀን የዓለም አቀፍ የፓተንት ፍርድ ቤት አባል እንሁን ቢል፣ ስምምነቱ አንቀጽ 79ንና 80ን ያልፋቸዋል ወይስ ይቆማል? የሕግ ሰዎች በሁለቱም በኩል ይከራከሩበታል። በፓርላማ የጸደቀ ፍርድ ቤት ሕጋዊ ሥርዓት የተከተለ ነውና አንቀጽ 78 አይከለክለውም የሚል አለ። የመጨረሻው ቃል ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወጣ ሕገ መንግሥቱ ሳይሻሻል አይሆንም የሚልም አለ። ለእኔ ሁለተኛው ያመዝንብኛል፤ የመጨረሻ ተብሎ የተጻፈ ሥልጣን በተራ አዋጅ መጨረሻነቱን ሊያጣ አይገባም። የሚወስነው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጥያቄውንም ባለጉዳይ የሆነ ሰው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ማቅረብ ይችላል።

ከእኛ ጎን ያለ አንድ ሌላ አንቀጽም አለ፤ 43 ነው። ሰዎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ የልማት ፖሊሲ ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት አላቸው፣ መንግሥት የሚገባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም የኢትዮጵያን የልማት መብት ማስከበር አለባቸው ይላል። ይህን አንቀጽ ያላነበበ ካለ ከስብሰባው በኋላ ይጠይቀኝ፤ መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

«ፓተንት ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ምናችን እንደሆነ በጤፋችን አይተነዋል። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. የያኔው የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ. ከሚባል የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ፈረመ። ኩባንያው የጤፍ ዘር ይወስዳል፣ ከትርፉ ያካፍላል፣ በጤፍ ዘረ መል ላይ የባለቤትነት መብት አይጠይቅም ተባለ። ውሉ በዚያ ዘመን ለሌሎች አገሮችም ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ተወድሶ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ውሉ ከመፈረሙ በፊት በጤፍ አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ በጥር 1999 ዓ.ም. የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ሰጠው። ፓተንቱ የሚለው በአጭሩ፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ በደንብ እስኪበስል ቆይቶ ሲፈጭ የሚገኘው ዱቄት የፈጠራ ውጤት ነው ነው። እናቴ አዲስ የተወቃ ጤፍ ወደ ወፍጮ ልኬ አላውቅም ትላለች፤ ጎተራ ውስጥ ካልከረመ እንጀራው አያምርም ባይ ናት። ፓተንት ግን አልጠየቀችበትም።

ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ክረምት ከሰረ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ውል ያገኘችው 4,000 ዩሮና ተጀምሮ የተቋረጠ አነስተኛ ጥናት ብቻ ነው። ፓተንቱ ግን ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተላልፎ ኖሯል፤ ውሉ ከከሰረው ድርጅት ጋር ተቀበረ፣ መብቱ ቀጠለ። በመጨረሻ የጣለው ማን ነው? እኛ አይደለንም። ኤንሼንትግሬይን የሚባለው የፓተንቱ ባለቤት ቤከልስ የሚባል የዳቦ ግብዓት አቅራቢ ጤፍ በመሸጡ ከሰሰው፤ ቤከልስም ተከላከለ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የዘ ሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ ፓተንቱን ሻረው። ሁለት የአውሮፓ ነጋዴዎች ሲጣሉ ነው ጤፋችን ነፃ የወጣው። ያውም ውሳኔው ለሆላንድ ብቻ ነበር፤ በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በኦስትሪያ ያው ፓተንት በወረቀት ላይ ቆሞ ቀረ። እያንዳንዱ አገር የራሱ ፍርድ ቤት አለውና።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። አውሮፓውያን ይህንኑ ችግር አይተው የጋራ የፓተንት ፍርድ ቤት አቁመዋል። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ተፈረመ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2023 በ17 አገሮች ሥራ ጀመረ፣ ሮማኒያ ስትጨመር 18 ሆኑ። ከዳኞቹ መካከል ሕግ ብቻ ያልተማሩ፣ ስለ ሥነ ሕይወትና ስለ ኬሚስትሪ የሚያውቁ አሉበት፤ ይህን ሳነብ ቀንቻለሁ። የጤፉ ፓተንት በዚያ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ፍርድ በሁሉም አባል አገር ይሽረው ነበር። አንድ ፍርድም በሁሉም አባል አገር የጤፍ ዱቄታችንን ከመደርደሪያ ሊያወርደው ይችል ነበር። ስለዚህ የጋራ ፍርድ ቤት ክፉ ነው አልልም። የእኛ በር ላይም ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የአህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናውን የአእምሯዊ ንብረት ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። ይህ የፓተንት ፍርድ ቤት አያቋቁምም፤ ወደ አንድ ሥርዓት የመሄድ ጅምር ግን ነው።

አውሮፓውያኑ ወደዚያ ፍርድ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደተጨነቁ ልንገራችሁ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ስምምነቱን በምክር ቤት አጸደቀች፤ የተቃወመ የለም። ነገር ግን ሌሊት በተደረገ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ከስድስት መቶ በላይ ከሆኑት አባላት 35 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አንድ ጠበቃ ብቻውን ሕገ መንግሥታዊ አቤቱታ አቀረበ። ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ሕጉን ሻረው። የዳኝነት ሥልጣንን ከአገር አውጥቶ ለሌላ መስጠት ሕገ መንግሥትን እንደ መለወጥ ነው፣ የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል፣ ይህ ሳይሟላ ሥልጣን ቢሰጥ የዜጎች የመምረጥ መብት ይነካል አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምክር ቤቱ እንደገና ተሰብስቦ በሚፈለገው ድምፅ አጸደቀው። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ሕገ መንግሥቱ ሳይሻሻል አይሆንም ብሏት ቀረች። ስፔን ቋንቋዬ ተገፋ ብላ በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተከራክራ ተረታች፣ ግን አሁንም አልገባችም። አየርላንድ ለሕዝብ ድምፅ ቀን ቆርጣ እ.ኤ.አ. በ2024 አራዘመችው። እንግሊዝ አጽድቃ ወጣች።

በእኛ አገር የተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ነው፤ ስለዚህ 35 ሰው ሌሊት ተቀምጦ ስምምነት ማጽደቅ አይችልም። ይህ ጥሩ ነው። ሁለት ሦስተኛ የሚጠይቅ ግን አልተጻፈም። አምስት መቶ ዓመት ለሚዘራ ዘር ዳኛ የሚለወጠው በተራ አብላጫ ድምፅ መሆኑ አያሳስባችሁም? እኔን ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ወረቀታችን ልመለስ። ኢትዮጵያ የማንም የዓለም አቀፍ ፓተንት ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። ግን በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የውጭ አገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎች እዚህ አገር እንዲፈጸሙ የሚያደርገውን የኒውዮርክ ስምምነት አጽድቃለች። ስምምነቱ ለነጋዴ ይጠቅማል፤ ቡናችንን ለሚገዛ የውጭ ሰው እምነት ይሰጠዋል። ለእኛ የሚለው ግን ይህ ነው፤ አሥረኛውን ገጽ ከፈረምን፣ ውጭ አገር በእንግሊዝኛ የተፈረደብን ውሳኔ ተተርጉሞ እዚሁ ፍርድ ቤት ይመጣል፣ ከመጋዘናችንም ያስከፍለናል። ጀርመን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልሆነ አላደርግም ያለችውን ነገር፣ እኛ ቦርዱ ውስጥ ባሉ ሰዎች ፊርማ ልናደርገው ነበር። እኔ የወረቀት ወግ ነው የተባለው ያሳዘነኝ ለዚህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከእንጦጦ ጀርባ ካሉት አባሎቻችን አንዱ፣ እኔ አባባ የምላቸው ሽማግሌ፣ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ዘሩን ደብቀን ልንቀመጥ ነው? ልጄ፣ ዘር ካልተሰጠ ይነቅዛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ የገብስ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብስ በሽታ መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአገር ገብስ ነው፤ ዛሬ ብዙ የአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ያን መከላከያ ተሸክመዋል። የሰጠው ገበሬ ስም የትም አልተጻፈም፤ ያም ሆኖ በዚያ ዘር ሰው በልቷል። ዘር መስጠትን አልቃወምም። የምቃወመው ስንሰጥ የምንዳኝበትንም አብረን መስጠታችንን ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሦስት ማሻሻያ ነው። አንደኛ፣ ዘሩ ከመውጣቱ በፊት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይወሰድበት፤ ይህ ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም፣ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ላይም ለማኅበረሰቡ 50 በመቶ ይገባዋል ይላል አዋጁ። ሁለተኛ፣ ክርክር ቢነሳ አዲስ አበባ ላይ፣ በኢትዮጵያ ሕግ ይታይ፤ ድርጅቱ ግልግል ካለ ግልግሉም እዚሁ ይሁን፣ የአማርኛው ቅጂም እኩል ዋጋ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ድርጅቱ ቢከስር ወይም መብቱን ለሌላ ቢሸጥ ውሉ የገዛውንም ያስገድድ። ይህን ሦስተኛውን ያስተማረን ጤፍ ነው፤ ትምህርቱም 4,000 ዩሮ ነው።

ድርጅቱ እምቢ ሊል ይችላል። ያኔ እጥፍ ዋጋው ይቀርብናል፣ ይህን አልደብቃችሁም፤ ለአንዳንድ አባሎቻችን የዓመት የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፍል ገንዘብ ነው። ቦርዱ ብቻውን አይወስን የምለው ለዚህ ጭምር ነው። በኅብረት ሥራ አዋጃችን የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ኪሳራውን የሚሸከመውም እሱ ነው።

የውሉ የአማርኛ ትርጉም ከሰኞ ጀምሮ በዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። የተረጎምኩት እኔና የአባላችን ልጅ ስለሆንን ስህተት ካያችሁ አርሙን። አሥረኛውን ገጽ በትልልቅ ፊደል አስጽፌዋለሁ፤ ማንበብ የማይችል አባል ካለ ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ መልስ ጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፣ ቁጭ ብለን እናነበዋለን።